38 የባሌስትራ ቢላ ቀጥቅጬ ግማሹ ጎበጠብኝ፣ ተሰነጠቀብኝ፤ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ደብሬው ቀጥቃጭ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ነገሩን ከሥር ካልነገርኳችሁ መልሱም አይገኝምና ታገሱኝ።

ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው። ከታናሽ ወንድሜ ጋር በርና መስኮት የምንበይድባት አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለችን። ከሁለት ዓመት ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ ቢላ መቀጥቀጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ ለእናቴ የሽንኩርት ቢላ፣ ቀጥሎ ለጎረቤት የበግ ማረጃ፣ እያለ እያለ ወሬው አዲስ አበባ ያለ አንድ ሥጋ ቤት ደረሰ። ባለቤቱ በሁዳዴ የመጀመሪያው ሳምንት መጣ። ቤቱ ለጾም ተዘግቶ እየታደሰ ነው። ለፋሲካ ሲከፈት ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው የቁርጥ ቢላ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ እጀታው ወይራ፣ የቤቱ ስም የተቀረጸበት እንዲሆን ፈለገ። 30 የገበታ፣ ስለታቸው 14 ሳንቲ ሜትር፤ 6 ደግሞ ለቆራጮቹ፣ 25 ሳንቲ ሜትር። ግማሹን ቀብድ ቆጥሮ ሰጠኝ። ቀብዱ በከሰልና በግራይንደር ዲስክ አለቀ። ለሆሳዕና ዋዜማ አስረክባለሁ ብያለሁ፤ ሦስት ሳምንት ቀረው።

ብረቱ ባሌስትራ ነው፤ መኪናን ከሥር የሚሸከመው ተጣጣፊ ብረት። የደሴ መንገድ በከተማችን ስለሚያልፍ ጋራዦቹ ጓሮ የተሰበረ የአይሱዙ ባሌስትራ አይጠፋም። ያልሞላልኝን ምናለሽ ተራ ወርጄ በኪሎ ገዛሁ። በግራይንደር በቁመቱ ሰንጥቄ፣ ከሰል ላይ አግዬ፣ ሐዲድ ላይ እቀጠቅጠዋለሁ። መስፌ የድሮ ባቡር ሐዲድ ቁራጭ ናት። ምድጃው ከመኪና ቸርኬ የተሠራ ሲሆን ወናፉ የእህቴ አሮጌ ፀጉር ማድረቂያ ነው፤ በቧንቧ ከአንድ ጎን ይነፋል። 10 ሚሊ ሜትር የነበረን ብረት ወደ 3 ማውረድ ቀልድ አይደለም። ወንድሜ ትልቁን መዶሻ፣ እኔ ጉጠቱን ይዘን በቀን አራት ከወጣልን ጎበዝ ነን። በዚህ አኳኋን 38 አወጣን፤ ሁለቱ መጠባበቂያ ናቸው። «ሁለት መጠባበቂያ ይበቃል» ያለውን ሰው ዛሬ ባገኘው በጥፊ ነበር የምለው፤ እኔው ነኝ እንጂ።

ከዚያ ስለቱን አወጣሁ። ብረቱ አንዴ ከጠነከረ በኋላ መሞረድ ስለሚያለፋ፣ ቀድሜ ስለታቸውን ወረቀት እስኪመስል አሳሳሁት። እዚህ ድረስ ሥራው ደስ ይል ነበር። ሁሉንም ግድግዳው ላይ በተርታ ሰቅዬ ለወንድሜ ፎቶ አስነሣሁት።

የመጀመሪያ ቀን 10 አጋልኩና እንዲጠነክሩ በርሜል ውሃ ውስጥ ነከርኩ። አራተኛው ላይ «ጢን» የምትል ድምፅ ሰማሁ፤ ብርጭቆ በማንኪያ ሲነካ የሚሰማውን ዓይነት። ሳወጣው ከስለቱ ወደ ጀርባው ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጥታለች። ሁለት ተጨማሪ እንዲሁ ሆኑ። የቀሩትን ሰባት ነገ አለዝባቸዋለሁ፣ ማለት ድርቀታቸው እንዲቀንስ በለዘብተኛ ሙቀት መልሼ አሞቃቸዋለሁ ብዬ ጠረጴዛ ላይ አሳደርኳቸው። ጠዋት ስመጣ ማንም ሳይነካው አንዱ ተሰንጥቆ ጠበቀኝ።

በሁለተኛው ቀን ዘይት ይሻላል ስላሉኝ አንድ ጀሪካን የፓልም ዘይት አመጣሁ። የደብረ ብርሃንን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ዘይቱ እንደ ሸኖ ቅቤ ረግቷል። በዱላ አማስዬ ቀጠልኩ። እሳት ተነሥቶ ግራ ቅንድቤን በላኝ፤ እሱስ ይበቅላል። 14 ነከርኩ። አንድም አልተሰነጠቀም፤ ግን ስድስቱ ጎበጡ። ረጃጅሞቹ እንደ ማጭድ ነው የጎበጡት ብል አላጋነንኩም። ሁለቱ ደግሞ ጭራሽ አልጠነከሩም፤ አዲስ ሞረድ እንደ ሸንኮራ ይበላቸዋል።

14 ገና እሳት ያልነካቸው ቀርተውኛል። እነሱን ሳላበላሽ ልጠይቅ ብዬ ነው። ውሃው ነው ጥፋቱ? ብረቱ ነው? እጄ ነው? የጎበጡትስ ይቃናሉ ወይስ እንደ ቁራሌው ጆንያ ልሸኛቸው?


የድሮው መምህር፦

ልጄ፣ አጻጻፍህን ወድጄዋለሁ፤ የሠራኸውን ሳትደብቅ ተናግረሃልና ለመመለስ አይከብድም። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ብረታ ብረት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ።

ከውሃው ልጀምር። ባሌስትራ ካርቦኑ 0.6 በመቶ ግድም ሆኖ ክሮሚየም ወይም ሲሊከን የተጨመረበት ብረት ነው። የተጨመረው ነገር ሥራው ብረቱ በዝግታ ቢቀዘቅዝም እንዲጠነክር ማድረግ ነው። ስለዚህ ዘይት ይበቃዋል፤ ውሃ ይበዛበታል። ውሃ ውስጥ ስትከተው ቆዳው ወዲያው ይጠነክርና ድርቅ ይላል። ልቡ ዘግይቶ ይጠነክራል። ብረት ሲጠነክር ደግሞ በጥቂቱ ያብጣል። የደረቀውን ቆዳ ከውስጥ ሲገፋው የት ይሂድ? ይቀደዳል። «ጢን» ያለችህ እሷ ናት። ያደረው ቢላ የተሰነጠቀውም በዚሁ ነው፤ ውጥረቱ ሌሊቱን ሲሠራ አደረ። የጠነከረ ቢላ ሳይለዝብ አያድርም። ከዘይት ወጥቶ በእጅ ለመያዝ እንደበረደ እዚያው ሰዓት ወደ ማለዘቢያው ይገባል። ማታ ጨርሰህ ጠዋት አለዝባለሁ አትበል።

ከውሃው የተረፉ ስድስቱን አትመን። ዓይን የማያያት ስንጥቅ ልትኖር ትችላለች። ነጭ ጋዝ ውስጥ አንድ ሰዓት ዘፍዝፋቸው፣ በጨርቅ አድርገህ በደንብ ጥረግና የተፈጨ ጠመኔ አልብሳቸው። ስንጥቅ ካለ የተደበቀው ጋዝ ወደ ጠመኔው ይወጣና መሥመር ሆኖ ይታይሃል። ይህን የምልህ ለገንዘብህ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ሰው አፉ ውስጥ የሚከተውን ሥጋ የሚቆርጥበት ቢላ ነው።

ወደ ጉብጠቱ ስንመጣ፣ አንድ ምክንያት ብቻ የለውም።

ዘይትህ ቀዝቅዞ ነበር። ቀዝቃዛ ዘይት ቶሎ ያቀዘቅዛል ብለህ ካሰብክ ተሳስተሃል። ወፍራም ዘይት ብረቱን አቅፎ ይቆማል እንጂ አይንቀሳቀስም፤ ሙቀቱን የሚወስደው የሚፈስ ዘይት ነው። 50 ወይም 60 ዲግሪ አድርሰው። አንድ የጋለ የብረት ቁራጭ ጣል ብታደርግበት ይሞቅልሃል። መያዣው ብረት ይሁን፤ ክዳኑ ከጎንህ አይራቅ። እሳት ከተነሣ ከድነው፣ ውሃ አታፍስበት። ለሌላው ቅንድብህ አዝኜ ነው።

ስለቱን አስቀድመህ አሳሳኸው። እንደ ወረቀት የሳሳው ወገን ቀድሞ ይቀዘቅዛል፣ ጀርባው ይዘገያል፣ ይጓተታሉ። ከመጠንከሩ በፊት አፉ ላይ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ተውለት። ኋላ ትለፋለህ፤ ልፋ።

ፀጉር ማድረቂያህ ከአንድ ጎን ስለሚነፋ ቢላው አንድ ጎኑ ብርቱካን፣ አንድ ጎኑ ጥቁር ቀይ ሆኖ ይወጣል። ወፈር ያለ የብረት ቱቦ ከሰሉ መሐል አጋድምና ቢላውን ቱቦው ውስጥ አግለው። ቱቦው እኩል ያሞቅልሃል። ዚንክ የተቀባ የውሃ ቧንቧ ግን እንዳትጠቀም፤ ጭሱ ያሳምማል።

ከሁሉም በላይ የዘለልከው ሥራ አለ። ስትቀጠቅጠው በመዶሻ ብረቱ ውስጥ ውጥረት ጨመርክበት። ከመንከርህ በፊት ሦስት ጊዜ ቀይ አድርገህ፣ ሦስት ጊዜ ሳትነካው አየር ላይ ጥቁር እስኪሆን አቆየው። ነፋስ በሌለበት፣ ሰቅለህ። ጉብጠት ካለው እዚህ ላይ ያሳይሃል፤ ቀይ እንዳለ በእንጨት መዶሻ ታቀናዋለህ።

ያልጠነከሩት ሁለቱ ወይ ሙቀት አንሷቸዋል ወይ ሌላ ብረት ናቸው። የተበላሸ ስፒከር ማግኔት ፈልግ። ብረት 770 ዲግሪ ላይ ማግኔት መሳቡን ይተዋል። የገበታ ጨው ደግሞ 801 ላይ ይቀልጣል። ማግኔቱ ሲተወው ቆንጠር አድርገህ ጨው ጣል፤ ቀልጦ እንደ ላብ ከወረደ ትንሽ ጨምርለትና ንከረው፤ 830 ግድም ነው የምትፈልገው። አነካከሩ ቀጥ ብሎ፣ ጫፉ ወደ ታች፤ ውስጥ ከገባ በኋላ ወደ ላይና ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን አታወዛውዘው።

የጎበጡት ይቃናሉ። በጥንካሬያቸው በመዶሻ ብትነካቸው ግን ይሰበራሉ። ወፍራም ላሜራ ላይ አስተኝተህ፣ ከጉብጠቱ በተቃራኒ ሳንቲም የሚያህል ማስደገፊያ ከሥር አድርገህ፣ በሞርሳ ወይም በመያዣ ከቀጥታው ጥቂት እስኪያልፍ አጥብቀውና እንደታሰረ አለዝበው። በሙቀቱ ይረጋጋል። አንዱ ሊሰበርብህ ይችላል፤ አትደንግጥ።


ሸቃጩ፦

ወንድሜ ምን አስጨነቀህ፤ መርካቶ 36 ቢላ ገዝተህ እጀታውን ቀይረህ ስም ብትቀርጽበት ማን ያውቃል?


ደብሬው ቀጥቃጭ፦

ሸቃጩ፣ እኔ አውቃለሁ። ወንድሜም ያውቃል፤ ክንዱን አይተኸዋል?

የድሮው መምህር፣ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሦስት ጊዜ ያነበብኩት ሲሆን ሁለት ጥያቄ አለኝ። ማለዘቢያ ምድጃ የለኝም፤ እስካሁን ከሰል ዳር አስቀምጬ በዓይኔ ነው የምገምተው። እናቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ አላት። ይሆናል? ሁለተኛ፣ የተሰነጠቁትን አራቱን ልጥላቸው ወይስ የምማርባቸው ነገር አለ?


የድሮው መምህር፦

ምጣድ ይሆናል። እናትህን አስፈቅደህ። እንጀራ የሚጋገርበት ሙቀት አንተ ከምትፈልገው አይርቅም፤ አንተ የምትፈልገው ከ200 እስከ 220 ዲግሪ ነው። ቢላውን ግን ሸክላው ላይ በቀጥታ አታስተኛው፤ ምጣድ መሐሉና ዳሩ እኩል አይሞቅም። የላሜራ ትሪ ላይ ደረቅ አሸዋ ሙላ፣ ቢላዎቹን አሸዋው ውስጥ ቅበር፣ አክንባሎ ክደን። ቴርሞ ሜትር ካገኘህ አሸዋው ውስጥ ስካው። ካላገኘህ አንዱን ቢላ በብርጭቆ ወረቀት አብረቅርቀህ ከላይ አድርገውና ቀለሙን ጠብቅ። መጀመሪያ ገለባ ይመስላል። ጠጅ ሲመስል በቃ። ሐምራዊ ካየህ አልፎሃል፣ ሰማያዊ ከሆነ ሞላ እንጂ ቢላ አይደለም። ሁለት ሰዓት፣ ይብረድ፣ እንደገና ሁለት ሰዓት።

የተሰነጠቀውን አንዱን በጨርቅ ጠቅልለህ ሞርሳ ላይ አስረህ ስበረው። ዓይንህን ሸፍን። ስባሪው ላይ ያለውን ቅንጣት እይ። ስኳር ከመሰለ ብረቱን ከመጠን በላይ አግለኸዋል። አመድ ከመሰለ ደህና ነህ።


ቆራጩ፦

እኔ ብረቱን አላውቅም፤ ቢላውን ግን በቀን አሥር ሰዓት ይዤ እውላለሁ። አዲስ አበባ ሥጋ ቤት ቆራጭ ነኝ። ባለቤቱ ያዘዘህን ሠርተህ ከመጨረስህ በፊት ከያዥው በኩል ልንገርህ።

የገበታው ቢላ እንዳይከብድ። ደንበኛው ግራ እጁ ጥሬ ሥጋ ይዟል፣ በቀኙ ይቆርጣል፣ እያወራ ነው፣ ጠጁም አለ። ከባድ ቢላ ይደክመዋል፣ ጫፉ የሾለ ደግሞ ያስፈራል። ጫፉን ክብ አድርገው። አያቶቻችን ሥጋውን በጥርስ ይዘው ወደ ላይ ነበር የሚቆርጡት ይባላል፤ ዛሬ እንደዚያ የሚያደርግ ቢመጣ እኔ ራሴ ቢላውን እቀማዋለሁ።

ሌላው፣ ሰው ሸክላ ሳህን ላይ ነው የሚቆርጥልህ። የፈለገ ቢስሉት ሳህን ላይ በሳምንቱ ይደነዝዛል። ባለቤቱን የእንጨት ገበታ አብረህ አሠራ በለው። ካልሰማህ ስለቱን እንደ ምላጭ አታሳሳው፤ ይቆረፈዳል።

እጀታ ላይ ወይራ ካልክ ደረቅ ይሁን። እኛ ቤት አንዴ እርጥብ ወይራ ገባና በሁለት ወሩ ብረቱና እንጨቱ መሐል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ሆነ። እዚያ ውስጥ ስብ ገባ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሽታ አልነግርህም። ቀንድም በፈላ ውሃ ሲታጠብ ይከዳል። ለእኛ ለቆራጮቹ ደግሞ እጀታው ለስልሶ እንዳያብረቀርቅ። እጄ ስብ ነው። ሻኛ ስገፍ ቢላው ከተንሸራተተ ጣቴ ነው የሚሄደው። ኋላው ላይ ትንሽ ጉብታ አድርግለት፣ እጄ እዚያ ያርፋል።

ሎሚና አዋዜ ብረትህን እንደሚያጠቁረውም አስቀድመህ ንገረው። አለዚያ በሦስተኛው ቀን «ዝጎብኛል» ብሎ ይደውልልሃል።


የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ሰላም ወንድሜ። እኔ ሜሪላንድ ነው ያለሁት። ቀን ሆስፒታል እሠራለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ ጋራዤ ውስጥ ቢላ እሠራለሁ። ሴት ልጅ እዚህ ምን ቤት ናት የሚል ካለ ከወዲሁ ሰላም ይደር።

መምህሩ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ የምጨምረው ያንተ ዋና ችግር ይመስለኛል። አንተ ጋ አንድ ብረት የለም። የስንት መኪና ባሌስትራ ቀላቅለሃል? ከጋራዥ ያገኘኸውና በኪሎ የገዛኸው አንድ ፋብሪካ አልወጡም። አንዱ ክሮሚየም፣ አንዱ ሲሊከን ያለበት ሊሆን ይችላል። አንዳንዱም አሥር ዓመት ጉድጓድ ሲዘል የኖረ ስለሆነ በድካም ከውስጡ ተሰንጥቋል፤ የተሰበረ ባሌስትራ ሲሆን በተለይ እንዲህ ነው፤ ከስባሪው አጠገብ ያለው ክፍል አይታመንም። እኔ እዚህ የማውቀውን ብረት ነው የምገዛው፤ 1084 የሚሉት አለ፣ ካርቦኑ 0.84 በመቶ ነው፣ ለጀማሪ አይከብድም። እዚያ እንደማይገኝ ገብቶኛል። ግን አንድ ነገር ማድረግ ትችላለህ፦ ከእያንዳንዱ ባሌስትራ ጫፍ ጣት የሚያህል ቁራጭ ቆርጠህ በቀለም ምልክት አድርግበት፣ ቁራጩን አጠንክረው፣ ስበረው፣ ቅንጣቱን እየው። ደህና የሆነውን ብቻ ቢላ አድርግ። ግማሽ ቀን ይበላሃል። አራት ቀን ከመቀጥቀጥ ይሻላል።

በብዛት ስትሠራ ሌላም ነገር አለ። 38ቱን አንድ ላይ ወደ አንድ ደረጃ አታድርስ። መጀመሪያ ሁለት ብቻ ከቅጥቀጣ እስከ እጀታ ጨርስ። ስህተቱ ሁለቱ ላይ ይወጣል። እኔ ይህን የተማርኩት 12 የሠርግ ስጦታ ቢላ እጀታ ላይ ኤፖክሲ የሚባለውን ማጣበቂያ በደንብ ሳልቀላቅል ቀርቼ ነው፤ 12ቱም ሙሽሮቹ ፊት ወለቁ ማለት ይቻላል።

ስለ መጥቆሩ፣ ራስህ ቀድመህ አጥቁረው። አጽድተህ ለብ ያለ አቼቶ ውስጥ ሃያ ደቂቃ አቆየው፣ እጠበው፣ ዘይት ቀባው። እኩል ግራጫ ይሆናል። ደንበኛው ሎሚ ቢያፈስበት ለውጡ ብዙም አይታወቅም፤ መልኩም ያምራል።


የወለቃ ልጅ፦

ከእስራኤል ነው የምጽፈው። በሙያው የለሁበትም፤ ጥያቄህን ሳነብ ግን አያቴ ትዝ ስላለኝ ልጽፍ ተቀመጥኩ።

አያቴ ጎንደር አጠገብ ወለቃ ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ ቢላ፤ አገሩ ሁሉ በእሱ ነበር የሚያርሰውና የሚያጭደው። ያው ሰው ቀን «ጠይብ» ይለዋል፣ ማታ የተሰበረ ማረሻ ተሸክሞ በር ያንኳኳል። ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው የሚሳደብ እንዲቀጣ አዋጅ ማውጣታቸውን አያቴ እየሳቀ ያነሣ ነበር፤ አዋጁ ወለቃ ሳይደርስ መንገድ ላይ ደክሞት ቀርቷል ይላል።

ልነግርህ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው። ልጅ ሆኜ ሁለት የፍየል ቆዳ ወናፎቹን እየተፈራረቅን እንነፋ ነበር፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። ቢላ ሲያጠነክር ሙሉውን ውሃ ውስጥ ሲከት አላየሁትም። ስለቱን ብቻ፣ ጣት በሚያህል ጥልቀት፣ ከዳር ዳር እያንፏቀቀ ያስነካዋል። ጀርባው ቀይ እንዳለ ያወጣዋል። ወዲያው ስለቱን ድንጋይ ላይ ፈግፈግ ያደርግና ነጭ ሲሆን ዓይኑን ሳይነቅል ያየዋል። የጀርባው ሙቀት ወደ ስለቱ ሲመለስ ቀለም እየነዳ ይመጣል። «መጣ፣ መጣ» ይላል። የሚፈልገው ቀለም ስለቱ ላይ ሲደርስ እንደገና ይነክረዋል። አንድ እሳት፣ ሁለት ሥራ። ምጣድም ቴርሞ ሜትርም አልነበረውም። እኛ ያን ጊዜ ወናፉን አቁመን ትንፋሻችንንም እንይዝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ጉጠቱን ይዘን ነው የመጣን። ሌላውን ሁሉ ትተን ጉጠት! አሁን ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ልጆቼ ምን እንደሆነ ይጠይቁኛል።


የድሮው መምህር፦

የወለቃ ልጅ፣ አያትህ ያደርጉት የነበረውን እኔ ከመጽሐፍ ነው ያስተማርኩት። ስለቱ ብቻ ጠንክሮ ጀርባው ለስላሳ ስለሚቀር ቢላው አይሰበርም። ደብሬው፣ ባሌስትራህን ግን እንደዚያም ቢሆን በዘይት አድርገው እንጂ በውሃ አይደለም። የእሳቸው ብረት ካንተው የተለየ ነበር።


ደብሬው ቀጥቃጭ (ከሆሳዕና በኋላ)፦

ይቅርታ፣ ጠፋሁ። ሁሉንም በየተራ ልናገር።

የነጭ ጋዙና የጠመኔው ነገር ጉድ ነው። ከውሃ የተረፉት ስድስቱ በዓይን ንጹሕ ነበሩ። ጠመኔ አልብሼ ቡና እስክጠጣ ተውኳቸው፤ ስመለስ ሁለቱ ላይ ቀጭን እርጥብ መሥመር ወጥቷል፤ አንዱ ላይ እጀታው ውስጥ የሚገባው ጭራ ሥር ነበር። እዚያ ላይ እጀታ ገጥሜበት ቢሆን ማን ያየው ነበር? ወንድሜ ከዚያ በኋላ የቤቱን ማንኪያ ሁሉ ጠመኔ ሊያለብስ ነበር።

የተሰነጠቀውን ሰበርኩ። ስኳር ነው ጋሼ። ደቃቅም አይደለም፣ የሻይ ስኳር። ለካ «ይበልጥ ከጋለ ይበልጥ ይጠነክራል» ብዬ ነጭ እስኪሆን ነበር የማግለው። ከዚያ ሦስት ጊዜ አየር ላይ ያበረድኩትን ቁራጭ ሰበርኩ፤ አመድ። ሁለቱን ጎን ለጎን ለወንድሜ ሳሳየው አንድ ብረት መሆናቸውን አላመነም።

ቱቦውን ያገኘሁት ከአሮጌ የመኪና ጭስ ማውጫ ነው ልል ነበር፤ ሞከርኩት፣ ቀጭን ሆኖ ተቃጠለ። ወፍራም ያለው አንድ በያጅ ወዳጄ ዘንድ ተገኘ። ጨውም ሠራ። ዓይኔ ብርቱካን ያለውን ጨው «ገና ነው» ሲለኝ ደጋግሞ አሳፈረኝ። መብራት ጠፍቶ ቤቱ የጨለመ ቀን ግን ቀለሙ ደህና አድርጎ ይታያል፤ ለካ እኩለ ቀን ላይ በፀሐይ ብርሃን ነበር ስገምት የኖርኩት።

ውጤቱ ይኸውላችሁ። ያልጠነከሩት ሁለቱ ዳግም ተነክረው ደህና ወጡ፤ ሙቀት ነበር ያነሳቸው። ከጎበጡት ስድስቱ አምስቱ ምጣድ ላይ ታስረው ተቃኑ፤ ስድስተኛው መያዣውን ሳጠብቅበት እጄ ላይ ለሁለት ሄደ፤ መምህሩ እንዳሉት አልደነገጥኩም ማለት አልችልም። እሳት ካልነካቸው 14ቱ፣ የስለታቸውን የሳሳ ጫፍ ፈግፍጌ አወፍሬ፣ ሦስቴ አብርጄ፣ በሞቀ ዘይት ነከርኩ። አንድ ብቻ በመጠኑ ጎበጠ፣ እሱም ተቃና። ከመጀመሪያው ዘይት ቀጥ ብለው የወጡት ስድስት አሉ፤ ከውሃው አራት። ጠቅላላ 31። ሰባት ጠፋ።

ምጣዱን በተመለከተ፣ እናቴ የፈቀደችው «እንጀራዬ ዘይት ዘይት ካለኝ አንተንም ምጣዱንም አወጣችኋለሁ» ብላ ነው። አንድ ሌሊት ሙሉ ከአክንባሎው አጠገብ ቁጭ ብዬ ጠጅ የሚመስለውን ቀለም ስጠብቅ፣ ሁለተኛው ዙር መሐል መብራት ሄደ። አሸዋው ሙቀቱን ስለያዘልኝ ተረፍኩ፤ በማግስቱ ሁለተኛውን ዙር ደገምኩት። ከመብራቱ ሌላ የተበላሸ ነገር የለም፤ እንጀራውም አልሸተተም።

ወይራውን ከአንድ የፈረሰ ቤት ምሰሶ ነው ያገኘሁት። ከእኔ ዕድሜ በላይ ደርቋል። ሲቆረጥ ግራይንደሩን አጨሰው። ኤፖክሲ በደንብ ቀላቅዬ (ሲልቨር ስፕሪንጓ፣ ስምሽን እየጠራሁ ነው የቀላቀልኩት) በነሐስ ካስማ መታሁት፣ በተልባ ዘይት አጠጣሁት። ለስድስቱ ትልልቅ ቢላዎች ቆራጩ ያለውን ጉብታ አደረግሁ፤ እንዳያንሸራትት እጀታውን በሻካራው ወረቀት ላይ ተውኩት።

የወለቃው አያት አሠራር ዕንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር። ለእናቴ በአዲስ ብረት አንድ ትንሽ ቢላ ቀጥቅጬ፣ ስለቱን ብቻ በሞቀ ዘይት አስነክቼ ሞከርኩት። ቀለሙ ከጀርባው ወደ ስለቱ ሲነዳ በእውነት ይታያል፣ እንደ ጥላ። የመጀመሪያው አመለጠኝ፣ ሰማያዊ ሆነ፤ በሁለተኛው ያዝኩት። ወንድሜም ሳላዘው የፀጉር ማድረቂያውን አጥፍቶ ትንፋሹን ይዞ ቆመ።

ርክክቡ በሆሳዕና ዋዜማ አልሆነም። ሰውየውን ደውዬ 31 ብቻ እንዳለኝና ለምን እንደሆነ ነገርኩት። መጀመሪያ ዝም አለ። ቀጥሎ ስድስቱ የቆራጮቹ አሉበት ወይ አለ። አሉበት አልኩት። «እንግዲያው ደንበኛ አምስት አምስት ሆኖ በአንድ ቢላ ይካፈላላ» ብሎ ሳቀ። አምስቱን ለዳግማይ ትንሣኤ አደርሳለሁ። ብረቱን ዛሬ ቆርጬ ከየባሌስትራው ጣት ጣት የሚያህል ቁራጭ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ አንዱ ሲሰበር አሁንም ስኳር መሰለኝ፣ ያንን ባሌስትራ ለበር ማጠፊያ መደብኩት።

ቆራጩ፣ የእንጨት ገበታውን ነገርኩት። ሳህን ይሻላል አለ። አቼቶውን ግን ወዶታል።